ጨርቅ አገሩ ወዴት ነው?

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መንገደኛ አዘዞን እንዳለፈ ጠዳን ያገኛል። ጠዳ የመንገድ ዳር ከተማ ትሁን እንጂ ስሟ በታሪክ የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1667 እስከ 1682 የነገሡት ቀዳማዊ ዐፄ ዮሐንስ ባረፉ ጊዜ የተቀበሩት በዚህች ስፍራ እንደ ነበረ ይነገራል። ስለ ልብስ ለመናገር ከንጉሥ መቃብር መነሣታችን አንባቢን ያስደንቅ ይሆናል፤ ነገር ግን የጎንደርን ሸማኔና ነጋዴ ኑሮ ከለወጡት ዐዋጆች አንዱ የወጣው በእኒሁ ንጉሥ ዘመን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1668 በጎንደር በተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኖች ተለይተው በየሰፈራቸው እንዲቀመጡ ተወሰነ። ዐዋጁ ሰውን ከሰው ለየ፤ ልብስን ግን ሊለይ አልቻለም። ክርስቲያኗ እመቤት ከቆላ የመጣውን ጥጥ ዳምጣ፣ ባዝታ፣ በእንዝርት ትፈትላለች፤ ፈትሉን ሙስሊሙ ወይም ቤተ እስራኤላዊው ሸማኔ እግሩን በጕድጓድ አውርዶ ይሸምነዋል፤ እሷም በእሑድ ጧት ያንኑ ነጠላ ተጐናጽፋ ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለች። በአንዲት ከተማ ልብስ ላይ የሦስት ሃይማኖት ሰዎች እጅ እንዲህ ሲገናኝ ኖረ።

የተገናኘውም የአገር እጅ ብቻ አይደለም። ከሕንድ አገር የሚመጣ ባለ ቀለም ጨርቅ በምጽዋ ወደብ ገብቶ በሲራራ ነጋዴዎች ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። ይህንም ባለ ቀለም ጨርቅ ሸማኔዎች እየተረተሩ ክሩን ለሸማ ጥለት ያውሉት እንደ ነበረ የቀድሞ ተጓዦች ጽፈዋል። እንግዲህ የአባቶቻችን ነው ብለን ከምንኮራበት ጥለት ከፊሉ ከባሕር ማዶ ጨርቅ ተተርትሮ የተገኘ ነው። ይህ ግን የሚያሳፍር ሳይሆን ለሸማኔው ብልሃት ምስክር ነው። የመጣለትን ጨርቅ እንዳለ አልተቀበለም፤ ፈታው፣ መረጠው፣ በራሱ ድር ላይ መልሶ ሠራው። በኋላም አቡጀዴ፣ ከዚያም አበባ የታተመበት ቺት ወደ ገበያው ገባ፤ ቺት የሚለው ስም ራሱ ከሕንድ የመጣ ነው።

ዛሬ ደግሞ በከተሞቻችን «የአፍሪካ ጨርቅ» እየተባለ የሚሸጥ፣ ሥዕሉ ትልልቅ፣ ቀለሙ ደማቅ የሆነ የጥጥ ጨርቅ አለ። የትውልዱ ነገር ግን እንደ ስሙ ቀላል አይደለም። የጃቫ ደሴት ሴቶች በጨርቅ ላይ በሰም ሥዕል እየሣሉ፣ ሰም ያልነካውን ክፍል ብቻ ቀለም እያጠጡ፣ ባቲክ የሚባለውን ልብስ ይሠሩ ነበር። ሆላንዳውያን በ19ኛው መቶ ዓመት ይህንኑ በመኪና ለመሥራት ተነሡ። በሰም ፈንታ ያተሙት ሙጫ እየተሰነጠቀ ቀለም ስለ ገባበት ጨርቁ እንደ ደም ሥር ያለ መስመር አወጣ። የጃቫ ሰዎች ይህን እንደ ጕድለት ቈጠሩት፤ በምዕራብ አፍሪካ ግን አንዱን ጨርቅ ከሌላው የሚለይ ሆኖ ተወደደ። እ.ኤ.አ. በ1893 ብራውን ፍሌሚንግ የተባለ የስኮትላንድ ነጋዴ ጨርቁን ወደ ጎልድ ኮስት፣ ማለት ወደ ዛሬይቱ ጋና፣ መላክ ጀመረ። ከዚያም የአክራና የሎሜ ሴት ነጋዴዎች ለየሥዕሉ ስምና ትርጕም እየሰጡ የራሳቸው አደረጉት። ይህን ጨርቅ አፍሪካዊ ያደረገው የታተመበት ፋብሪካ ሳይሆን የሰየሙትና የሰፉት እጆች ናቸው።

ልብስ ሰፊያችንም ይህን ጨርቅ ሲይዝ አዲስ ትምህርት ይጠብቀዋል። ሸማ ከሸማኔው እጅ በጠባብ ወርድ ስለሚወጣ የሰፊው ሥራ በይበልጥ መግጠም ነው፤ ጥለቱም አስቀድሞ በጠርዙ ስለ ተሠራ እርሱን ይከተላል። በሰም ስልት የታተመው ጨርቅ ግን ወርዱ ሰፊ፣ ሥዕሉም መላውን ገላ የያዘ ነው፤ ሥራውም መቍረጥ ነው። ስለዚህ መቀስ ከመንሣቱ በፊት ጨርቁን አጥቦ ማድረቅ፣ ዘርግቶ የሥዕሉን አቅጣጫ መመልከት፣ ትልቁን ሥዕል በደረት መካከል ማዋል፣ በጎኑ ስፌት ላይም ሥዕልን ከሥዕል ማጋጠም ይገባዋል። ወፏ አንድ ጊዜ ተዘቅዝቃ ከተቈረጠች መርፌ አያቃናትም። ደግሞም እውነተኛው ጨርቅ በሁለቱም ገጽ እኩል ቀለም ሲኖረው በአንድ ገጽ ብቻ የታተመ አስመሳይ ስላለ፣ ገዢ ገልብጦ ይመልከት።

የፋብሪካ ጨርቅ በረከሰ ቍጥር የሸማኔው እንጀራ እንደሚጐድል ሊካድ አይገባም። በዱሮ ዘመን ይህ ባለሙያ ልብሱ ሲከበር እርሱ ግን በእጅ ሥራው ይናቅ ነበር። በጠዳ የተቀበሩትን ንጉሥ ስም ተማሪ ሁሉ ያነበዋል፤ ኩታቸውን የሠራውን ሰው ስም ግን ማን ያውቃል? የዛሬው መምህር ለደቀ መዛሙርቱ የነገሥታቱን ተራ በሚያስቈጥርበት ሰዓት የሸማኔውንና የልብስ ሰፊውንም ሥራ አብሮ ቢያስተምር፣ የጎንደርን ታሪክ ሙሉ አድርጎ ያስተምራል። አዲሱን ጨርቅ የሚሰፋው ወጣትም፣ ደማቁን ሥዕል ከአገሩ ጥለት ጋር አስማምቶ ቢሠራ፣ የሰውን ጨርቅ ተርትረው የራሳቸውን ያወጡት ቀደምት ሸማኔዎች የጀመሩትን ሥራ ይቀጥላል።