የገበሬው ማሳና የመዝገቡ ቍጥር

የዛሬው ንግግራችን ስለ ቍጥር ነው። ቍጥር ስንል በገበያ የሚቈጠረውን ገንዘብ ማለታችን አይደለም፤ በአገራችን ስለሚታረሰው መሬት፥ ስለሚሰበሰበው እህል፥ ስለ ደኑና ስለ አፈሩ በመንግሥት መዝገብ የሚጻፈውን አኀዝ ማለታችን ነው። ነገሩ ለሰሚው ደረቅ ቢመስል አያስደንቅም። ይሁን እንጂ ሰው በረኀብ ያለቀበትን፥ ገበሬ መሣሪያ ያነሣበትን፥ በስንት ድካም የተተከለ ዛፍ በገዛ ተካዮቹ እጅ የተቈረጠበትን ምክንያት የሚመረምር ሰው፥ ከነገሩ በስተ ኋላ ብዙ ጊዜ አንድ ቍጥር ያገኛል። ይኸውም ወይ በፍርሃት የተደበቀ፥ ወይ ተጽፎ ያልተነበበ፥ ወይም ሳይለካ የታመነ ቍጥር ነው። ስለ እነዚህ ስለ ሦስቱ በተራ እንነጋገራለን።

ክፉ ቀን ተብሎ የሚጠራውን ዘመን ያልሰማ የለም። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል ከውጭ አገር በመጡ ከብቶች ምክንያት ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ገብቶ የአገሪቱን በሬ ፈጀው። ገበሬው የሚያርስበት አጣ፤ ድርቅና አንበጣ ተጨመረበት፤ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስም ሕዝቡ በረኀብና በበሽታ አለቀ። በዚያን ጊዜ ከሕዝቡ ሲሶው እንደ ሞተ በታሪክ መጻሕፍት ተጽፎ እናነባለን። ነገር ግን ሲሶው የምን ሲሶ ነው? የኢትዮጵያ ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቈጠረው በ1976 ዓ.ም. ነው፤ ይህም ከክፉ ቀን በኋላ ዘጠና ዓመት ያህል ቈይቶ ማለት ነው። ስለዚህ ሲሶ የተባለው የኀዘን ቃል እንጂ የመዝገብ ቃል አይደለም። እነዚያ ሙታን ስንት እንደ ነበሩ ለማወቅ የሚያስችል መንገድ ከቶ አልተተወልንም።

እንዲህ ሲባል አባቶቻችን መለኪያ አልነበራቸውም ማለት አይደለም። እህሉ በቁናና በዳውላ ይሰፈር ነበር፤ መሬቱም በጥማድ ይታወቅ ነበር። ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው። ይህ መለኪያ ለገበሬው እጅግ የሚስማማ ነው፤ መሬቱን ከድካሙ ጋር አያይዞ ይነግረዋልና። ይሁን እንጂ የደጋው ጥማድና የቆላው ጥማድ፥ የጠንካራው በሬና የከሲታው በሬ ጥማድ እኩል አይሆንም። የአንዱ ገበያ ቁናም ከሌላው ገበያ ቁና ጋር አይገጥምም። ጎረቤት ከጎረቤት ለመግባባት በቂ የነበረው መለኪያ፥ አገር ለአገር ለማነጻጸር በቂ ሊሆን አልቻለም።

መንግሥት መሬትን በአንድ መለኪያ ሊያውቅ የተነሣው ለግብር ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መሬት በቀላድ እየተለካ በጋሻ ይመደብ ጀመር። አንድ ጋሻ በልማድ 40 ሄክታር ያህል ነው ይባላል፤ ነገር ግን እንደ አገሩና እንደ ለኪው ከዚህ የሚበልጥም የሚያንስም ነበረ። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬትን ለም፥ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በሦስት ከፍሎ፥ በአብዛኞቹ ጠቅላይ ግዛቶች ግብሩንና አሥራቱን ጨምሮ ለለሙ ጋሻ 50 ብር፥ ለለም ጠፉ 40 ብር፥ ለጠፉ 15 ብር እንዲከፈል ወሰነ። እንግዲህ በለምና በጠፍ መካከል ያለው ልዩነት በጋሻ 35 ብር ነው። የመሬት ባለቤት ሁሉ መሬቱ ጠፍ ተብሎ እንዲጻፍለት ቢመኝ፥ መዝጋቢውን ለማግባባት የሚችለውም ቢያግባባ፥ ምን ያስደንቃል? በዚያ መዝገብ የአገሪቱን የአፈር ለምነት ለማጥናት የሚፈልግ ሰው፥ ስለ አፈሩ ሳይሆን ስለ ባለመሬቶቹ ጉልበት ይማራል።

በጎጃም የሆነው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። ጎጃም፥ በጌምድርና ትግሬ በቀድሞው ሥርዓት ይገብሩ ስለ ነበር ርስታቸው በጋሻ አልተለካም። የጎጃም ባለርስት የሚለካ ሰው በመጣ ጊዜ ሁሉ ይቃወም ነበር፤ መለካት የርስት መነጠቅ መጀመሪያ ነው ብሎ ያምን ነበርና። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አዋጁ በሐሳቡ ከቀድሞው የተሻለ ነበር ሊባል ይችላል፤ ግብሩ እንደ መሬቱ ስፋት ሳይሆን እንደ ምርቱ እንዲሆን፥ ድኻው ከባለጠጋው እኩል እንዳይከፍል ያስብ ነበርና። ነገር ግን ምርቱን ለመገመት ገማቾች ወደየማሳው መሄድ ነበረባቸው። ገበሬው ገማቹን ባየ ጊዜ የቀላዱን ገመድ አየ። በዚያው ዓመት ጎጃም ዐመፀ፤ ወታደር ዘመተ፥ መንደሮችም በአይሮፕላን ተደበደቡ፤ በመጨረሻም መንግሥት ውዝፉን ግብር ለመማር ተገደደ። በደርግ ዘመንም እህል በኮታ ለመንግሥት ድርጅት በተወሰነ ዋጋ እንዲሸጥ በተደረገ ጊዜ፥ ምርቱን አሳንሶ መናገር ለገበሬው ልጆቹን የማብላት ጉዳይ ሆነ። ቈጣሪና ወሳጅ አንድ ሰው በሆኑበት አገር፥ እውነተኛ ቍጥር አይገኝም።

ሁለተኛው ተጽፎ ያልተነበበው ቍጥር ነው። የወሎ ረኀብ ከመገለጡ በፊት የእርሻ ሚኒስቴር በ1965 ዓ.ም. መጀመሪያ የምርት ጥናት አድርጎ፥ በሰሜን ምሥራቅ በኩል አዝመራው እንደ ጠፋ ተረድቶ ነበር። ወረቀቱ ነበረ፤ ነገር ግን መንግሥት ነገሩን በይፋ ለመናገር ስላልፈቀደ ወረቀቱ ወደ እህል መጋዘን የሚያደርስ ትእዛዝ ሳይሆን ቀረ። ዓለም ስለ ወሎ የሰማው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው ፊልም በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። የሞቱት ሰዎች ግምት ከ40,000 እስከ 200,000 ይደርሳል። አስተውሉ፤ በትንሹና በትልቁ ግምት መካከል ያለው ልዩነት 160,000 ነፍስ ነው።

ከዚህም ሌላ ትምህርት አለ። የሕንዱ ተወላጅ የኤኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የወሎን ረኀብ ሲመረምር፥ በዚያ ዓመት የአገሪቱ ጠቅላላ የምግብ ምርት የጐደለው በጥቂቱ ብቻ እንደ ነበረ አሳየ። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እጅግ አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ አገር የተጫነ እህል ነበረ። ምርቱ የጠፋበት ገበሬ የሚሸጠው ነገር ስለ ሌለው የሚገዛበት ገንዘብ አጣ፤ ገዢ በሌለበትም ዋጋ አይወጣም። የአገሪቱን ድምር ብቻ ያየ ሹም አገር ደኅና ነው ብሎ ሊያድር ይችል ነበር። ድመት ‹‹ሺ ቢታለብ በገሌ›› አለች እንደሚባለው፥ ለተራበው ቤተ ሰብ የአገር ድምር ምኑም አይደለም። አማካይ የተባለው ቍጥር የጠገበውን ጎጃምና የተራበውን ወሎ አንድ ላይ ደምሮ ለሁለት ሲያካፍል፥ ያልተራበ ያልጠገበ፥ በምድር ላይ የሌለ አንድ ሰው ይፈጥራል።

ሦስተኛው ሳይለካ የታመነው ቍጥር ነው። የኢትዮጵያ መሬት ቀድሞ 40 በመቶው በደን የተሸፈነ ነበረ የሚለውን ያልሰማ የመንግሥት ሠራተኛ ይኖራል ብለን አናስብም። በትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ በስብሰባ ሰምተነዋል፤ በጥናት መግቢያ ላይ ጽፈነዋል። ግን ቀድሞ ማለት መቼ ነው? አንዱ ጽሑፍ ከመቶ ዓመት በፊት ይላል። አል ጎር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ ደኑ ከ40 በመቶ ወደ 1 በመቶ የወረደው በአርባ ዓመት ውስጥ ነው ይላል። የታሪክ ሊቁ ጄምስ ማካን በ1997 ባወጣው ጥናት ይህን አኀዝ ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ እየተከተለ ወደ ኋላ ቢመረምረው፥ አንዱ ሌላውን ሲጠቅስ እንጂ ደኑን የለካ ሰው አላገኘም። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የመጡ መንገደኞች የሰሜኑን ደጋ ሲገልጹ ብዙ ቦታ ዛፍ የሌለበት ሜዳና እርሻ እንዳዩ ጽፈዋል። ዳግማዊ ምኒልክም በአዲስ አበባ ባሕር ዛፍ ያስተከሉት የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት በመጥፋቱ ነው።

ይህን የምንናገረው ደናችን አልተጨፈጨፈም ለማለት አይደለም። በተለይ በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ብዙ ደን በእኛው ዘመን ጠፍቷል። ነገር ግን የተሳሳተ ቍጥር የተሳሳተ ሥራ ያመጣል። የሰሜኑ ተራራ በአንድ ትውልድ ውስጥ በገበሬው እጅ ተራቈተ የሚል እምነት ስለ ነበረ፥ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ገበሬው ሳይጠየቅ ተራራው ተከለለበት፤ በእህል ክፍያ በሚሊዮን የሚቈጠር ችግኝ ተከለ፤ የዛፉ ባለቤት ማን እንደ ሆነ ግን አልተነገረውም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠ ጊዜ በብዙ ቦታ ያን ዛፍ ቈረጠው፤ ክልሉንም አፈረሰው። የእኔ ነው ያላለውን ነገር ማን ይጠብቃል?

የቍጥርና የትርጓሜ ነገርም ሊታሰብበት ይገባል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 የተጠናቀቀው የእንጨት ሀብት ጥናት ደናችንን 3.56 በመቶ ብሎ ነበር። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት አዲስ ትርጓሜ አወጣ፤ ይኸውም ስፋቱ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር የሆነ፥ ዛፉ 2 ሜትር ቁመት የሚደርስ፥ ጥላው ከመሬቱ 20 በመቶውን የሚሸፍን ሁሉ ደን ነው የሚል ነው። በዚህ ትርጓሜ መሠረት በተደረገው ልኬት የደኑ ሽፋን 15.5 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ከ3.56 ወደ 15.5 የተሻገረው በአብዛኛው በትርጓሜውና በአለካኩ መለወጥ እንጂ በዛፉ መብዛት አይደለም። ሁለቱን ቍጥሮች ጎን ለጎን አድርጎ ደናችን አራት እጥፍ ሆነ ብሎ የሚደሰት ሰው ቢኖር፥ መደሰቱ ከመዝገብ ቤት አያልፍም።

ታዲያ እውነተኛ ቍጥር በአገራችን አልተገኘም ወይ? ተገኝቷል፤ በብዙ ድካምም ተገኝቷል። ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በናሙና የእርሻ ጥናት ሲያካሂድ ኖሯል። ቈጣሪው ከተማ ተቀምጦ አይገምትም። በገጠር ተቀምጦ በዕጣ የወጡትን ገበሬዎች ማሳ በሜትርና በኮምፓስ፥ በኋላም በሳተላይት መሣሪያ ይለካል፤ በአዝመራው ጊዜ ከማሳው ውስጥ አራት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ ቦታ በዕጣ ለይቶ፥ ያጨደውን አድርቆና ወቅቶ በሚዛን ያስቀምጣል። ስለ አፈርም እንደዚሁ፥ በ1970ዎቹ አጋማሽ ከበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተጀመረው ሥራ፥ በማይባር፥ በአንዲት ጥድ፥ በአንጀኒ፥ በጉኑኖና በሌሎችም ጣቢያዎች ዝናብ በጣለ ቍጥር ከማሳው የሚታጠበው አፈር በመያዣ ተጠራቅሞ ተመዘነ። ከዚህ በመነሣት በታረሰ መሬት ላይ በዓመት ከአንድ ሄክታር በአማካይ 42 ቶን፥ ከደን መሬት ግን 1 ቶን ያህል አፈር እንደሚታጠብ ተገመተ። ይህ ቍጥር ክርክር ቢነሣበት እንኳ መመለሻ አለው፤ ጣቢያው፥ ዝናቡና ሚዛኑ ተጽፈዋልና። የሚመረመር ቍጥር ማለት ይህ ነው።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ከእናንተ ብዙዎቹ በየመሥሪያ ቤታችሁ ቍጥር የሚቀበሉ፥ የሚደምሩና ወደ በላይ የሚያስተላልፉ ናችሁ። የእርሻ ሚኒስቴርና የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ለአንድ ዓመት አዝመራ ሁለት የተለያዩ ድምሮች ያቀረቡበት ጊዜ እንደ ነበረ ታውቃላችሁ። እንዲህ ሲሆን ለአለቃ ደስ የሚያሰኘውን መርጦ ማሳለፍ ቀላል ነው፤ ሁለቱ ስለ ምን እንደ ተለያዩ መጠየቅ ግን አገልግሎት ነው። ስለዚህ ቍጥር በእጃችሁ በገባ ጊዜ፥ ማን ለካው፥ በምን ለካው፥ ለምን ለካው ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም ከቍጥሩ አጠገብ ጻፉት። የወረዳውን ጕድለት በአገር ድምር አትሸፍኑት። ከሁሉም ይልቅ፥ ማሳው የተለካበት ገበሬ ከመለካቱ ያገኘው ጥቅም ምን እንደ ሆነ አስቡ። ቈጣሪው በሄደ በማግሥቱ ግብር ጨማሪ ከመጣበት፥ በሚመጣው ዓመት ትክክለኛውን አይነግረንም፤ በጭንቁ ቀን እህል፥ በዘሩ ቀን ዘር የደረሰለት እንደ ሆነ ግን፥ በሩን ከፍቶ ጎተራውን ያሳየናል።