ከደወሉ በኋላ የነበሩት ሰዓታት

የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ አንድ መንገድ ይከተላል። ትምህርት ቤቱ የተመሠረተበት ዘመን፣ የመሥራቹ ስም፣ የዳይሬክተሮቹ ዝርዝር፣ በመልቀቂያ ፈተና የተገኘው ውጤት በተራ ይቀርባል። የመጨረሻው ደወል ከተደወለ በኋላ በግቢው ውስጥ የሚሆነው ግን ከዚህ ታሪክ እምብዛም አይገባም። በአንደኛው ክፍል ወንበሮች ወደ ግድግዳ ተጠግተው ቴአትር ይጠናል፤ በሌላው ተማሪዎች በሁለት ወገን ተቀምጠው ይከራከራሉ፤ ከሜዳው የኳስ ተጫዋቾች ጩኸት ይሰማል። የአገሪቱ ዘመናዊ ቴአትር፣ እግር ኳስ፣ ጋዜጠኝነትና የፖለቲካ እንቅስቃሴ ሥራቸው ቢማስ፣ አንደኛው ጫፍ ከእነዚህ ሰዓታት ላይ ይደርሳል።

ዛሬ በትምህርት ቤት «ክበብ» የሚባለው ስብስብ ቀደም ባለው ዘመን «ማኅበር» ወይም እንደ ባዕዱ አጠራር «ክለብ» ይባል ነበር። ተሰባስቦ መደራጀት ለአገሩ ሰው እንግዳ አልነበረም። ጽዋ ማኅበሩ ሙሴ፣ ዕቁቡ ዳኛ፣ ዕድሩም የራሱ ደንብ ነበረው። የተማሪዎቹን ማኅበር ልዩ ያደረገው አባላቱን ያሰባሰበው ምክንያት ነው። በአጥቢያ፣ በዝምድና ወይም በጉርብትና ሳይሆን በዝንባሌ ይገናኙ ነበር። ከሐረር የመጣውና ከጎጃም የመጣው ልጅ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሊቀመንበር ይመርጣሉ፤ ጸሐፊው ቃለ ጉባኤ ይይዛል፤ ገንዘብ ያዡ ሳንቲሟን ቆጥሮ ያስረክባል። እስከ 1950 ዓ.ም. መባቻ ድረስ ሕዝብ እንደራሴውን በቀጥታ ባልመረጠበት፣ የፖለቲካ ፓርቲም በሌለበት አገር ይህ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አልነበረም።

ከሁሉ ቀድሞ ጎልቶ የወጣው ቴአትር ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» የተባለውን ተውኔታቸውን በ1910ዎቹ ለመኳንንቱ ባሳዩ ጊዜ፣ በእንስሳት ተመስሎ የቀረበው የአስተዳደር ትችት ቁጣ አስነሣ፤ ቴአትርም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ከ1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል ወዲህ ግን የታገደው ጥበብ በትምህርት ቤት በር ተመልሶ ገባ። በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት መላኩ በጎሰው የደረሱትን ተውኔት ተማሪዎቻቸውን አስጠንተው ያሳዩ ነበር። የሴቷን ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ወንድ ተማሪ ነበር። ዮፍታሔ ከደብረ ኤልያስ ይዘውት የመጡት የቅኔ ትምህርት በዚህ መንገድ ከአዲሱ መድረክ ጋር ተገናኘ።

በሜዳውም በኩል ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ እግር ኳስ ቡድን በ1928 ዓ.ም. ሲመሠረት ከቀደምት ተጫዋቾቹ አንዱ የሆነው ይድነቃቸው ተሰማ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር። ይኸው ተማሪ በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ሲመራ፣ የአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ከውድድር እንድትገለል ጠንክሮ ተሟግቷል።

የጣልያን ወረራ ይህን ጅምር አቋረጠው። ትምህርት ቤቶቹ ለኢትዮጵያውያን ተዘጉ፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በተካሄደው ጭፍጨፋ ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ አለቁ። ከነጻነት በኋላ በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ሥራ ጀመሩ። ሁለቱም አዳሪ ተማሪዎችን የሚቀበሉ ስለነበሩ ረጅሙን ምሽትና የሰንበትን ቀን የሚሞላ ሥራ ያስፈልጋቸው ነበር። ስፖርቱ፣ ክርክሩ፣ ድራማውና የተማሪ ጋዜጣው የተጠናከሩት ከዚህ የተነሣ ነው። የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑ ክርክሩም በአብዛኛው በዚያው ቋንቋ ይካሄድ ነበር። ስለዚህ ተከራካሪው ሁለት ትግል ነበረበት፤ አንዱ ከተቃራኒው ወገን፣ ሁለተኛው በአማርኛ ወይም በእናቱ ቋንቋ ያሰበውን በባዕድ አንደበት ከማውጣት ጋር።

በዓሉ ግርማ የድርሰትና የጋዜጠኝነት ፍቅር ያደረበት በዊንጌት ተማሪ ሳለ ነው። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲገባ የተማሪዎቹ ጋዜጣ አዘጋጅ ሆነ፤ በጻፈውም ትችት ምክንያት ከአዘጋጅነቱ ተነሣ። በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳትሞ በ1976 ዓ.ም. የካቲት ወር የደረሰበት የጠፋው ደራሲ፣ ብዕር ዋጋ እንደሚያስከፍል ገና በተማሪነቱ ቀምሶት ነበር። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም የመጀመሪያ ተውኔቱን «ንጉሥ ዲዮኒሰስና ሁለቱ ወንድማማቾች»ን የጻፈው ገና የአምቦ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ ሲሆን፣ ተውኔቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት ለመድረክ በቅቷል።

ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ታሪክ አይደለም። በኬንያ ኪኩዩ እ.ኤ.አ. በ1926 የተመሠረተው አሊያንስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከ1940 እስከ 1962 በኬሪ ፍራንሲስ ሲመራ፣ የሼክስፒርን ተውኔት ማሳየት የየዓመቱ ልማድ ነበር። ከ1955 እስከ 1958 በዚያ የተማረው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በ2012 ባሳተመው ትዝታው እንደጻፈው፣ በግቢው ውስጥ ሥርዓትና ድራማ ሲኖር ከአጥሩ ውጭ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነበር፤ መንደሩ ፈርሷል፤ ወንድሙም ከማው ማው ተዋጊዎች ጋር ጫካ ገብቶ ነበር። ንጉጊ በ1977 በካሚሪቱ መንደር በኪኩዩ ቋንቋ ቴአትር ሲያሳይ መንግሥት አሰረው። የሼክስፒሩን መድረክ የፈቀደ ሁሉ የመንደሩን መድረክ አይፈቅድም።

በኢትዮጵያም መንግሥት ክበባቱን በመጀመሪያ ያበረታታው ሥነ ሥርዓት ያስተምራሉ ብሎ ነው። ሆኖም ስብሰባ መምራት፣ በቁም ነገር መከራከር፣ በራሪ ጽሑፍ ማባዛት የለመደ ወጣት ልማዱን ቴአትር ላይ ብቻ አይተወውም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ከወጡ በኋላ፣ በ1961 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም በየከተማው በትምህርት ማቆም አድማ ተቀላቀሉ። ያን ጊዜ «ክበብ» ሌላ ትርጉም ያዘ፤ «የጥናት ክበብ» ማለት በር ዘግቶ የማርክስንና የሌኒንን ጽሑፍ ማንበብ ሆነ። ክርክሩ በዋናነት ያተኮረው በመሬትና በብሔረሰቦች ጥያቄ ላይ ነበር።

ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲጀመር ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ደግሞ ሞት በከተሞቹ ነገሠ። ትናንት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የተከራከሩ ወጣቶች በሁለት ድርጅት ተከፍለው ጠላት ሆኑ፤ ከተገደሉት ብዙዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። በክርክር ክበብ የተሸነፈው ወገን ለአሸናፊው አጨብጭቦ ይወጣ ነበር። ይህ ሥርዓት ከትምህርት ቤቱ ግቢ ወደ አገሪቱ ፖለቲካ ሳይሻገር ቀረ። ከዚያ በኋላ በ1972 ዓ.ም. የተቋቋመው የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ወጣቶች ማኅበር ወጣቱን በአንድ መዋቅር ጠቀለለው፤ የመድረክ ተሰጥኦ ያለውም በየቀበሌው ኪነት ተሰለፈ። ማኅበር ነበር፤ ነገር ግን አባልነቱ ከዝንባሌ ይልቅ ግዴታ ሆነ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ክበባት በብዛት ተመለሱ። የፀረ ኤድስ፣ የአካባቢ ጥበቃ፣ የሴቶች፣ የቀይ መስቀል፣ የሥነ ዜጋና የሚኒ ሚዲያ ክበባት በየትምህርት ቤቱ ተቋቋሙ። ብዙዎቹ ርዕሳቸውን ከላይ ወይም ከርዳታ ድርጅት የተቀበሉ ነበሩ። ይህን ብቻ አይቶ ማናናቅ ግን አይገባም። በቤት ውስጥ ስሙ የማይነሣውን በሽታ ተማሪዎች በአጭር ድራማና በግጥም በወላጆቻቸው ፊት ሲናገሩት፣ ዝምታውን ከሰበሩት መካከል ነበሩ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን፣ ተማሪው «ፕላዝማ» ባለው መሣሪያ፣ በፈጣን እንግሊዝኛ ሲሰጥ መምህሩም ተማሪውም አድማጭ ሆኑ። በዚያን ጊዜ ከእረፍት ሰዓቱ ድምፅ ማጉያ የሚወጣው የሚኒ ሚዲያ ዜናና ወግ፣ ተማሪው በገዛ ቋንቋው የሚናገርበት መድረክ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚታየው፣ የአንድ ክበብ ዋጋ በርዕሱ ብቻ የሚለካ አለመሆኑን ነው። ሊቀመንበሩን የመረጠው ማን ነው? ለመቃወም እጁን ያወጣው ተማሪ ስሙ በቃለ ጉባኤ ሠፍሯል ወይ? በሚቀጥለውስ ሳምንት በሰላም ተመልሶ ይቀመጣል? ዮፍታሔም ሆኑ በዓሉ፣ ይድነቃቸውም ሆነ ስማቸው ያልተጻፈው የጥናት ክበብ ወጣቶች ያለፉት በእነዚህ ጥያቄዎች መካከል ነው።

ታሪኩን ለመጻፍ የሚያስፈልገው ሰነድ በአመዛኙ በሰው እጅ የሚገኝ ነው፤ በእጅ የተጻፈ የቃለ ጉባኤ ደብተር፣ በስቴንስል የተባዛ ጋዜጣ፣ በመድረክ ላይ የተነሡት የቡድን ፎቶግራፍ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቤት ለቤት ፍተሻ ሲካሄድ ብዙ ወላጆች እንዲህ ያለውን ወረቀት ልጆቻቸውን ለማዳን ሲሉ በምድጃ አቃጥለውታል። የተረፈው በየሣጥኑ ሥር አለ፤ ባለቤቶቹም እያረጁ ነው። ትምህርት ቤቶቹ የምሥረታ በዓላቸውን ሲያከብሩ ከዳይሬክተሮቹ ዝርዝር ጎን ይህንንም ቢሰበስቡ፣ የዛሬው ተማሪ ከእርሱ በፊት በዚያው ክፍል ተቀምጠው ድምፅ የሰጡትን ያውቃቸዋል።