ስለ ልጆች ምልመላ፤ በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ታሪክ ውስጥ የአንድ ሙያ አነሣሥ

ቅርጫት ኳስ በ1891 በማሳቹሴትስ፥ በስፕሪንግፊልድ ከተማ፥ ጄምስ ኔይስሚዝ በሚባል መምህር ተፈለሰፈ። (በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።) ስለ ጨዋታው አመጣጥ፥ ስለ ዝነኞቹ ተጫዋቾችና ስለ ክለቦቹ ብዙ ተጽፏል። ከሜዳው ውጭ ከመቀመጫው የላይኛው እርከን ላይ ሆኖ፥ ገና ጢም ያላበቀለውን ልጅ በዓይኑ ስለሚመዝነው ሰው ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። እኛ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንን ሰው ነው። በቋንቋችን መልማይ እንለዋለን። መለመለ ማለት መርጦ ወሰደ ማለት ሲሆን፥ ቅርንጫፍን ከግንዱ አራገፈ ማለትም ነው፤ አንባቢ ወደ ኋላ እንደሚያየው ሁለቱም ትርጕሞች ለነገራችን ይስማማሉ።

እስከ 1960ዎቹ ድረስ ምልመላ ራሱን የቻለ ሙያ አልነበረም። የኮሌጅ አሠልጣኝ ልጅ የሚያገኘው በቅርበት፥ በወዳጅ ደብዳቤ ወይም በወሬ ነበር። የባለሙያዎቹ ማኅበር ሕግ ራሱ ቅርበትን ያከብር ነበር፤ አንድ ክለብ በአካባቢው ያደገውን ተጫዋች ከሌሎች ቀድሞ ለመውሰድ መብት ነበረው። የፊላደልፊያ ክለብ ዊልት ቼምበርሌን የኦቨርብሩክ ትምህርት ቤት ተማሪ እንደ ነበረ ይህን መብት በ1955 አስከብሮ፥ ልጁ ወደ ሩቁ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ቢሄድም፥ በ1959 ወሰደው። ከከተማ ርቆ የሚጫወት ጐበዝ ልጅ ግን የሚያየው አልነበረም።

ይህን የለወጠው ሃዋርድ ጋርፊንክል የተባለ የኒው ዮርክ ሰው ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ስለ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ችሎታ የሚዘግብ ጽሑፍ እያዘጋጀ ለኮሌጅ አሠልጣኞች በክፍያ መላክ ጀመረ፤ በ1966 ደግሞ ከዊል ክላይን ጋር ሆኖ ፋይቭ ስታር የተባለውን የክረምት ማሠልጠኛ ካምፕ መሠረተ። ካምፑ ትምህርትም ገበያም ነበር። ልጁ ከጧት ጀምሮ እየተሠለፈ መሠረታዊውን ነገር ይማራል፤ ከሰዓት በኋላ ሲጫወት አሠልጣኞች ዙሪያውን ተቀምጠው ይመለከቱታል። እነ ሁቢ ብራውን፥ ቸክ ዴሊና ሪክ ፒቲኖ ገና ሳይታወቁ እዚያ አስተምረዋል። በእኛ አስተያየት የጋርፊንክል ትልቁ ሥራ ሩቅ ለሩቅ ይኖሩ የነበሩትን ልጆች በአንድ ሜዳ ላይ አምጥቶ እርስ በርስ ማስተያየቱ ነው።

ለዚህ የማይክል ጆርዳንን ነገር ምስክር አድርገን እንጠራለን። ጆርዳን በሰሜን ካሮላይና፥ በዊልሚንግተን ከተማ፥ በአሥረኛ ክፍል ሳለ ቁመቱ 1 ሜትር ከ78 ያህል ነበር፤ በዋናው ቡድን የቀረውን ቦታ የወሰደው ከእርሱ የሚረዝም የክፍል ጓደኛው ነው። በ1980 ክረምት ወደ ፋይቭ ስታር ሲላክ ስሙን ከአገሩ ውጭ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ግን ሽልማት ወሰደ፤ ሁለተኛም ሳምንት ቈየ። አሠልጣኞች ሁሉ ስሙን ይጠያየቁ ጀመር። እንግዲህ ልብ ይሏል፤ ያ ሳምንት ባይኖር ኖሮ ልጁ አይጫወትም ነበር አንልም፤ የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ አስቀድሞ ዓይኑን ጥሎበት ነበርና። ግን በአሥረኛ ክፍል ቁመት የተመዘነ ልጅ ሁሉ እንደ እርሱ ሁለተኛ ሚዛን አላገኘም።

ከዚህ በኋላ ገንዘብ ገባ። በ1965 በፒትስበርግ ከተማ የተመረጡ ተማሪዎችን ግጥሚያ ያቋቋመው ሶኒ ቫካሮ፥ በኋላ ከናይኪ የጫማ ኩባንያ ጋር ውሎ በ1984 ኤ.ቢ.ሲ.ዲ. የተባለውን ካምፕ ከፈተ። ካምፑም ከጊዜ በኋላ ወደ ሌሎች የጫማ ኩባንያዎች ተላልፏል። ጫማ ሻጩ ልጁን የሚፈልገው ለኮሌጅ አይደለም፤ ዝነኛ ሲሆን ጫማውን እንዲያደርግለት ነው። ኬቪን ጋርኔት በ1995፥ ኮቢ ብራያንት በ1996 ኮሌጅ ሳይገቡ በቀጥታ ወደ ባለሙያዎቹ ክለብ ገቡ፤ ከዚያም የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ደረጃ የሚወጣለት በሚልዮን ብር እየታሰበ ሆነ።

የ2001 ክረምት ታሪክ ከሌላው ይልቅ ያሳዝነናል። ሌኒ ኩክ የተባለው የኒው ዮርክ ልጅ በዕድሜ እኩዮቹ መካከል ከቀዳሚዎቹ ተርታ ይቈጠር ነበር። በዚያ ካምፕ ከእርሱ በአንድ ክፍል ከሚያንሰው ከሌብሮን ጄምስ ጋር ተጋጠመ። ሌብሮን 24 ነጥብ አገባ፤ ኩክ 9። በመጨረሻዋም ቅጽበት ሌብሮን ከሩቅ የወረወራት ኳስ ጨዋታውን ወሰነች። በሚቀጥለው ዓመት ኩክ ትምህርቱን ትቶ ለባለሙያዎቹ ምርጫ ቀረበ፤ ስሙን የጠራ ክለብ ግን አልነበረም። ሌብሮን በ2003 አንደኛ ሆኖ ተመረጠ። ኩክን ከፍ ያደረጉት መልማዮች በዚያ ቀን ዝርዝራቸውን አስተካከሉ፤ እርሱ ግን ሕይወቱን እንዲሁ በእርሳስ ሊያስተካክል አልቻለም። በ2005 የባለሙያዎቹ ማኅበርና የተጫዋቾቹ ማኅበር ባደረጉት ስምምነት ከ2006 ምርጫ ጀምሮ ተመራጩ 19 ዓመት እንዲሞላው፥ አሜሪካዊም ከሆነ ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሰ አንድ ዓመት እንዲያልፈው ተደነገገ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የጋርፊንክልን ዘገባ በ1984 የተረከበው ቶም ኮንቻልስኪ አሮጌውን መንገድ አልተወም። ቀድሞ የኩዊንስ አስተማሪ የነበረው ይህ ሰው መኪና አይነዳም፤ በአውቶቡስና በባቡር ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ ይሄዳል። ኮምፒዩተርም ተንቀሳቃሽ ስልክም አልነበረውም። ያየውን በቢጫ ወረቀት ይጽፋል፥ በታይፕራይተር ይመታል፥ ወደ 200 ለሚሆኑ አሠልጣኞች በፖስታ ይልካል። ከጫማ ኩባንያ ጋር ባለመዋሉም የኒው ዮርክ እናቶችና አሠልጣኞች ቃሉን ያምኑት ነበር። ዝነኛ ለመሆን ያልታደለውን ልጅ፥ ለትንሽ ኮሌጅ ብቻ የሚበቃውን፥ በዚያው ጥንቃቄ ይጽፈዋል፤ ብዙዎችም ነፃ የትምህርት ዕድል ያገኙት በዚህች ገጽ ምክንያት ነው። ኮንቻልስኪ በ2020 ሥራውን አቁሞ በፌብሩዋሪ 2021 በ74 ዓመቱ ዐረፈ።