ካናቢስና የቁርጥማት መድኃኒት፦ ከካልካታ እስከ ዲንሾ

ከቁጠባችን ወጪ የሚጠይቁ እናቶች ደጋግመው ከሚያነሷቸው ምክንያቶች አንዱ ቁርጥማት ነው። የዲንሾ ብርድ፣ የውኃ ጀሪካንና የማገዶ ሸክም ተደማምረው ጉልበትና ጣት ያሳምማሉ። ሰሞኑን ደግሞ ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችን፣ እዚያ ለመገጣጠሚያ ሕመም የካናቢስ ዘይት እንደሚወሰድ በስልክ ይነግሩናል። «ታዲያ ኪኒኑን ትተን እሱን ብንሞክርስ?» የሚሉ አባላት አሉ። ለዚህ ጥያቄ ታሪኩን ማወቅ ይጠቅማል።

እ.ኤ.አ. በ1839 ኦሾግነሲ የተባለ አየርላንዳዊ ሐኪም በሕንድ ካልካታ ከተማ ካናቢስን በመጀመሪያ በእንስሳት ላይ፣ ቀጥሎ በቁርጥማት ሕመምተኞች ላይ ሞከረ። ሻል ያላቸው እንደነበሩ ጽፏል። ነገር ግን አንደኛው ታማሚ ክንዱን ሲያነሡለት እንደተነሣ ቀርቶ ሐኪሞቹን አስደነገጣቸው። ከዚያ በኋላ ቅጠሉ በጠብታ መድኃኒት መልክ በአውሮፓ ፋርማሲዎች መሸጥ ጀመረ። ችግሩ ልኬቱ ነበር፦ የአንዱ ጠርሙስ ጠብታ ምንም አያደርግም፣ የሌላው ያሰክራል፤ በውኃም አይሟሟም። እ.ኤ.አ. በ1899 አስፕሪን ሲመጣ ሐኪሞች ወደ እሱ ማዘንበላቸው አይገርምም። በሒሳብ ሠራተኛ ዓይን ሳየው፣ ስንት እንደገባና ስንት እንደወጣ የማይታወቅበት ካዝና ማንም አያምነውም።

እ.ኤ.አ. በ1925 በጄኔቫ በተደረሰ ስምምነት ካናቢስ ከኦፒየም ጋር በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር ገባ። የ1961ዱ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ደግሞ እጅግ ጥብቅ ከሆነው መደብ ጨመረው። ከዚህ መደብ የወጣው በታኅሣሥ 2020 ሲሆን ድምፁም 27 ለ25 ነበር። ከጥብቁ መደብ ወጣ እንጂ ከቁጥጥር አልወጣም።

አገራችንስ? በጣና ሐይቅ አቅራቢያ ካለ ላሊበላ ከተባለ ዋሻ (የአብያተ ክርስቲያናቱ ከተማ አይደለም) የተገኙ የሸክላ ጋያ ስባሪዎች ሲመረመሩ የካናቢስ ቅሪት ታይቶባቸዋል፤ ዕድሜያቸው ወደ 14ኛው መቶ ዘመን ይደርሳል። ይህ እንደጨሱት እንጂ ለመድኃኒት እንደተጠቀሙበት አይነግረንም። ወደ እኛ በዶዶላና በአዳባ የሚያመጣው መንገድ ከሚነሣባት ከሻሸመኔ ከሰፈሩት ራስተፈሪያውያን ዘንድም ቅጠሉ የሃይማኖት ነገር ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅን ያለ ፈቃድ ማምረትን፣ መያዝንና መጠቀምን ይከለክላል። ስለዚህ ዘመድ በሻንጣ የሚልከው ዘይት ለእናቲቱ ከሕመሟ የባሰ ጣጣ ሊያመጣባት ይችላል።

ሕክምናውን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2006 በእንግሊዝ የታተመ አንድ ጥናት አለ። የሰውነት መከላከያ ራሱን መገጣጠሚያን በሚያጠቃበት የቁርጥማት ዓይነት የተያዙ 58 ሕመምተኞች ለአምስት ሳምንት ተፈተኑ፤ ገሚሶቹ ከካናቢስ የተሠራ፣ በአፍ የሚረጭ መድኃኒት፣ ገሚሶቹ አስመሳዩን ወሰዱ። ሁሉም የቀድሞ መድኃኒታቸውን አላቋረጡም። በካናቢሱ ሕመሙ በመጠኑ ቀነሰ፣ እንቅልፍም ተሻለ፤ የጠዋቱ የመገጣጠሚያ መተሳሰር ግን አልተለወጠም። ማዞርም ነበረበት። ልጆቻችን በስልክ የሚዘነጉት ይኼን ነው፦ የተሞከረው በኪኒኑ ላይ ተጨምሮ ነው፣ በኪኒኑ ምትክ አይደለም። ሕመሙ ቢቀልም መገጣጠሚያው መበላቱን ላያቆም ይችላል፤ ያንን የሚያዘገየው እንደ ሜቶትሬክሴት ያለ በሐኪም ክትትል የሚወሰድ መድኃኒት ነው። ዋርፋሪን የተባለ የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ እናቶች ደግሞ ከካናቢስ የሚወጣው ሲቢዲ የዋርፋሪኑን ኃይል በደማቸው ውስጥ ሊያበረታው፣ መድማትም ሊያስከትል እንደሚችል ይወቁ።

ጣቶቿ በሁለቱም እጅ አብጠው ጠዋት ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ የማይታጠፉላት አባል ካለች፣ ጎባ ሆስፒታል ሄዳ ለመመርመር የትራንስፖርት ብድር ብትጠይቅ ቅጹ እኔ ዘንድ አለ።