የሐይቅ ዓሣ፣ የቤት ወጥና የዘይቱ ልክ

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘውን የሐይቅ ከተማ መንገደኛ በሁለት ነገሮች ያውቃታል። አንደኛው አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያጸኑት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሲሆን፣ ሁለተኛው ዓሣዋ ነው። 23 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ካለው ሐይቅ የሚወጡት በብዛት የሚታወቁት ዓሦች አምባዛና ቆሮሶ ናቸው። ቆሮሶው (ቲላፒያ) ወደ ሐይቁ የገባው በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ነው።

ዓሣ ለወሎ ማዕድ የሚመችበት ሌላም ምክንያት አለው። በእስልምና ዓሣ መታረድ አያስፈልገውም፤ ክርስቲያኑም በፍስክ ቀን ይበላዋል። የሥጋ ወጥ የሚለያያቸው ጎረቤታሞች በዓሣ ወጥ ዙሪያ አብረው ሊቀመጡ ይችላሉ።

በጤና በኩልም ዓሣ ጥሩ ስም አለው። ይሁን እንጂ ከሐይቁ ወጥቶ ሰሃን ላይ እስኪደርስ ድረስ ብዙ ነገር ይጨመርበታል። የጤናው ጥያቄ የሚነሳውም እዚህ ላይ ነው።

ዓሣውና ዘይቱ

100 ግራም የቆሮሶ ሥጋ 20 ግራም ያህል ፕሮቲንና 2 ግራም የማይሞላ ስብ ሲኖረው፣ ኃይሉ 100 ኪሎ ካሎሪ እንኳ አይደርስም። በአንጻሩ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። ለአራት ሰው በሚሠራ ወጥ ላይ አንድ ብርጭቆ (200 ሚሊ ሊትር) ዘይት ብንጨምር፣ ለእያንዳንዱ ሰው ከዘይቱ ብቻ 400 ኪሎ ካሎሪ ይደርሰዋል ማለት ነው። አንድ ሰው ከሚበላው 150 ግራም ዓሣ ከሚያገኘው ከእጥፍ በላይ መሆኑ ነው። በሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ቢሠራ ግን ድርሻው 90 ኪሎ ካሎሪ ብቻ ይሆናል።

የዘይቱ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ በደም ውስጥ ኮሌስትሮልን ከፍ የሚያደርገው የስብ ዓይነት ነው። ቅቤ ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። የኑግና የሱፍ ዘይት በዚህ ረገድ የተሻሉ ቢሆኑም፣ ካሎሪያቸው ግን ያው ነው። ለመጥበሻ አገልግሎ የጠቆረና የሚጨስ ዘይትን ደግሞ መልሶ መጠቀም አይገባም።

መፍትሔው ከእናቶች ጓዳ

ደስ የሚለው ነገር ዘይት መቀነሻው ብልሃት ከውጭ የሚመጣ አለመሆኑ ነው። ሽንኩርቱን ደቅቆ ከተከተፈ በኋላ ያለ ዘይት፣ ውኃ ጠብ እያደረጉ ማቁላላት የቆየ የባለሙያ ሴቶች አሠራር ነው። ቁሌቱ በደንብ ሲበስል ወጡ በራሱ ይወፍራል፤ ጣዕሙም ከሽንኩርቱ ይወጣል። ዘይት አብዝቶ ቁሌቱን ማፋጠን የመጣው ጊዜ ሲያጥር ነው። ቅዳሜ ወይም እሑድ ቁሌት በብዛት ሠርቶ፣ ከፋፍሎ በፍሪጅ ማስቀመጥ ከሥራ ሲመለስ ለሚቸኩል ሰው ይህን ችግር ያቃልላል።

ለአራት ሰው የሚሆን የዓሣ ወጥ እንዲህ ሊሠራ ይችላል። አራት ራስ ሽንኩርት ያለ ዘይት ይቁላላ። ከዚያም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ገብቶ በዝግታ ይብሰል። ሁለት ቲማቲም ይታከልበት። አጥንቱ ወጥቶ የተቆራረጠው ዓሣ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፤ 10 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል፤ ብዙ ከተማሰለ ይፈራርሳል። ሲወጣ ሎሚ ይጨመቅበት። ጥብስ የሚወድ ደግሞ ዓሣውን በአዋዜ ለውሶ፣ በዘይት ውስጥ ከማስጠም ይልቅ ትንሽ ዘይት በተቀባ ምጣድ ላይ ሊያበስለው ይችላል።

ጨውን ማን ይቆጥረዋል?

በ2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ባካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ አንድ አዋቂ ሰው በቀን በአማካይ 8.3 ግራም ጨው እንደሚወስድ ተገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። በዚያው ጥናት ከ100 አዋቂዎች ወደ 16 የሚሆኑት የደም ግፊት እንዳለባቸው ታይቷል። የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ስለሚቆይ፣ ሕመም የለብኝም ብሎ መዘናጋት አያዋጣም።

ጨው የሚገባው በአንድ በር አይደለም። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው አለው፤ ሽሮውም እንዲሁ፤ በየሱቁ የሚሸጠው የወጥ ማጣፈጫ ኪዩብ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ስለዚህ ጨው የሚጨመረው ወጡ ተቀምሶ፣ መጨረሻ ላይ ቢሆን ይመረጣል። ይህ አዮዲን ያለው ጨው በእሳት ብዛት አዮዲኑን እንዳያጣም ይረዳል።

ጾምና ሰሃኑ

አንድ ምእመን በዓመት ከ180 ቀናት በላይ ሊጾም ይችላል። ምስር፣ ሽሮና ጎመን ለጤና ተስማሚ ምግቦች ናቸው፤ ነገር ግን የቅቤው ቦታ በዘይት ሲሞላ የጾም ወጥ ከፍስኩ ሊከብድ ይችላል። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የኢትዮጵያ የአመጋገብ መመሪያም የምግብ ዓይነትን ማብዛት፣ ዘይትን፣ ስኳርንና ጨውን ደግሞ መቀነስን ይመክራል።

በተግባር ሲታይ፣ ከእንጀራው አንድ እጥፋት ቀንሶ በምትኩ ጎመን፣ ቀይ ሥር ወይም ሰላጣ መጨመር ይቻላል። ከጎመኑና ከምስሩ የሚገኘው ብረት ሎሚና ቃርያ ሲታከልበት ለሰውነት በተሻለ ይደርሳል። ቡናና ሻይ ግን ስለሚያውኩት ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገዩ ይመረጣል።

ያደግንበትን ወጥ ትቶ ያልለመዱትን መብላት ከጥቂት ሳምንት በላይ የሚዘልቅ አይደለም። ዘላቂው መንገድ ወጡን ሳይተዉ ዘይቱን በማንኪያ መለካት፣ ጨውን ቀምሶ መጨመርና ለቁሌቱ ጊዜ መስጠት ነው።