የማትሪክ በርና የተማሪው ስንቅ

በኢትዮጵያ ተማሪን ለዩኒቨርሲቲ ለማዘጋጀት ታስቦ የተቋቋመው የመጀመሪያው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የተከፈተው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነው። ከዚያ በፊት በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው ዳግማዊ ምኒልክና በ1917 ዓ.ም. የተመረቀው ተፈሪ መኰንን ዘመናዊ ትምህርት ያስተምሩ ነበር፤ ከእነርሱ በላይ መማር የፈለገ ግን ወደ ግብጽ፣ ወደ ቤይሩት፣ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ እንግሊዝ ወይም ወደ አሜሪካ መላክ ነበረበት። የጣልያን ወረራ ይህን ጅምር ቆረጠው። ትምህርት ቤቶቹ ተዘጉ፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በተካሄደው ጭፍጨፋ ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ተገደሉ። በ1933 ዓ.ም. መንግሥት ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ መሥሪያ ቤቶቹን የሚሞላ የተማረ ሰው ማግኘት ጭንቅ ሆነ። ኮተቤ የተከፈተው ይህን ክፍተት በቶሎ ለመሙላት ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በእንግሊዞች እገዛ በጉለሌ በኩል የተከፈተው ጄኔራል ዊንጌትም ዓላማው ይኸው ነበር።

በሁለቱ ትምህርት ቤቶች ከተማሪው የሚጠበቀው ብዙ ነበር። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ መምህራኑ አብዛኛዎቹ የውጭ ሰዎች ነበሩ። በሀገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ስላልነበረ የመጨረሻው መመዘኛም ከለንደን ዩኒቨርሲቲ የሚመጣ ፈተና ነበር። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ አፉን የፈታ ልጅ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከእንግሊዝ ልጅ ጋር በአንድ ወረቀት ይመዘናል። ይህን ከባድ ግዴታ የሚያስችለው ደግሞ ከጎኑ የቆመው ድጋፍ ነበር። ተማሪው በአዳሪነት ይኖራል፤ ምግቡን፣ መኝታውን፣ ልብሱን፣ ደብተሩንና ሕክምናውን መንግሥት ይችላል። ንጉሠ ነገሥቱ ትምህርት ቤቶችን እየዞሩ ይጎበኙ፣ ለገና ለተማሪዎች ስጦታ ያድሉ ነበር። ይህ ሁሉ ለጥቂት መቶ ልጆች የተደረገ ነውና ሀገራዊ ሥርዓት ሊባል አይችልም፤ ይሁን እንጂ አንድ መርሕ በግልጽ ይታይበታል፦ ብዙ የሚጠየቅ ተማሪ ሳይራብና ሳይበርደው ማጥናት አለበት።

መርሑ ለኅብረተሰቡ እንግዳ አልነበረም። በቤተ ክህነት ትምህርት የቆሎ ተማሪው ከቤተሰቡ ርቆ፣ ደበሎውን ለብሶ ከደብር ደብር ሲዞር ራቱን የሚያገኘው በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከመንደሩ ሕዝብ ነበር። ኑሮው መራራ ቢሆንም ተማሪን መመገብ የአካባቢው ሰው ኃላፊነት መሆኑን የሚጠራጠር አልነበረም። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ያንን ኃላፊነት ከመንደሩ ወደ መንግሥት ወሰደው፤ በኋላ መንግሥት ሲተወው ግን ወደ መንደሩ አልተመለሰም፤ በተማሪው ቤተሰብ ጫንቃ ላይ ወደቀ።

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት የመግቢያውን በር የሚጠብቅ የራስ ፈተና አስፈለገ። የኢትዮጵያ ትምህርት ማጠናቀቂያ ፈተና ቀስ በቀስ የለንደኑን ተካ፤ ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ ማትሪክ ይለዋል። አሠራሩ ለአርባ ዓመት ያህል በመሠረቱ አልተለወጠም። ተማሪው 12ኛ ክፍልን ሲጨርስ በተለያዩ የትምህርት ዓይነቶች ይፈተናል፤ ውጤቱ ከኤ እስከ ኤፍ በፊደል ይሰጣል፤ እንግሊዝኛና ሒሳብ የማይቀሩባቸው አምስት የትምህርት ዓይነቶች ተደምረው አማካዩ 2.0 ወይም በላይ ሲሆን ተማሪው አለፈ ይባላል። በአምስቱም ኤ ያመጣ፣ «ስትሬት ኤ» የተባለ ልጅ ስሙ ከአውራጃው አልፎ ይሰማ ነበር። ከማትሪክ በፊት ደግሞ ሰው ሁሉ «ሚኒስትሪ» የሚለው የ8ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና ነበር፤ እሱን ያላለፈ የ9ኛ ክፍልን ደጃፍ አይረግጥም። በሁለቱ ፈተናዎች መካከልም በየዓመቱ ከክፍል ወደ ክፍል ለመዛወር ከመቶ 50 አማካይ ውጤት ማምጣት ግድ ነበር።

የቋንቋው ጉዳይ ከሁሉ የከፋ መሰናክል ሆነ። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አንደኛ ደረጃ በአማርኛ፣ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ተደረገ። እስከ 6ኛ ክፍል እንግሊዝኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ያወቀ ልጅ ከአንድ ክረምት በኋላ ፊዚክስንም፣ ታሪክንም፣ ጂኦግራፊንም በዚያው ቋንቋ መረዳት ይጠበቅበት ነበር። አማርኛ የአፍ መፍቻው ላልሆነ ልጅ ሸክሙ እጥፍ ነው። ማትሪክ የወደቀ ተማሪ ፊዚክስ አለማወቁን ወይም የጥያቄውን እንግሊዝኛ አለመረዳቱን የሚለይ መንገድ ፈተናው አልነበረውም። ሽግግሩን የሚያቃልል የቋንቋ ማጠናከሪያም በበቂ አልተዘጋጀም፤ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ታሪክ ውስጥ እጅግ የሚቆጨው ይህ ነው፤ የችግሩ ምንጭ እየታወቀ በየትውልዱ እንዲደገም ተትቷልና።

በ1950ዎቹ ሁለተኛ ደረጃ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ተስፋፋ። በደሴ ወይዘሮ ስኂን፣ በሐረር መድኃኔ ዓለም፣ በደብረ ማርቆስ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ በደብረ ብርሃን ኃይለ ማርያም ማሞ የየአካባቢያቸው መመኪያ ሆኑ። መምህር ግን አልነበረም። ክፍተቱን ለጊዜው የሸፈኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች መጥተው በየክፍለ ሀገሩ ማስተማር ጀመሩ። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በገጠርና በትናንሽ ከተሞች እንዲያገለግል ተደነገገ፤ ከእነዚህ ተማሪዎች አብዛኛዎቹ የተመደቡት በመምህርነት ነበር። ማትሪክን በቅርቡ ያለፈ ወጣት ማትሪክ ለሚጠብቀው ተማሪ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ሲቆም የሚሰጠው ትምህርቱን ብቻ አይደለም፤ ተማሪው ሊደርስበት የሚችለውን ሕይወት በዓይኑ ያያል። ከዩኒቨርሲቲው ጋር የተያያዘው በዕደ ማርያም ትምህርት ቤትም ከየክፍለ ሀገሩ በውጤታቸው የተመረጡ ልጆችን ለ12ኛ ክፍል እየተቀበለ በአዳሪነት ያስተምር ነበር፤ የኮተቤ መንፈስ በእሱ ጥቂት ቆየ።

ለአብዛኛው የገጠር ልጅ ግን ሁለተኛ ደረጃ መግባት ማለት ከቤት መውጣት ማለት ሆነ። ትምህርት ቤቱ ያለው በአውራጃ ወይም በወረዳ ከተማ ነው፤ መንደሩ የግማሽ ቀን ወይም የአንድ ቀን መንገድ ይርቃል። ሦስትና አራት ልጆች ተጋርተው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቤት ሄደው እሑድ ማታ እንጀራ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶና ድርቆሽ ተሸክመው ይመለሳሉ። ሳምንቱ ሳያልቅ እንጀራው ይሻግታል፤ ወይም ይደርቅና ድርቆሽ ይሆናል። ምሽት በኩራዝ ያጠናሉ፤ ኩራዙ ላምባ ሲያልቅበት ከመንገድ መብራት ሥር የሚያነብ ተማሪ በብዙ ከተሞች የተለመደ ነበር። ሴት ልጅ ብቻዋን ቤት ተከራይታ መኖሯ ቤተሰብን ስለሚያስፈራ ብዙ ጎበዝ ልጆች የ8ኛ ክፍልን ፈተና አልፈው እቤት ቀሩ ወይም ተዳሩ። ትምህርቱ በነጻ ነበር፤ የሚያስከፍለው ኪራዩ፣ ስንቁ፣ ከእርሻው የጎደለው ጉልበትና መንገዱ ነው። ይህን ወጪ የትኛውም የትምህርት በጀት በሚገባ ቆጥሮት አያውቅም።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ 12ኛን ጨርሰው ዩኒቨርሲቲም ሥራም ያላገኙ ወጣቶች በየከተማው በዙ። መንግሥት በውጭ ባለሙያዎች እገዛ ያስጠናው የትምህርት ሴክተር ጥናት መፍትሔ ያለው ለብዙኃኑ አጭር መሠረታዊ ትምህርት መስጠትንና የሁለተኛ ደረጃን በር ማጥበብን ነበር። ይዘቱ ሲሰማ መምህራን፣ ወላጆችና ተማሪዎች ተቃወሙት፤ የደሀ ልጅ ገበሬ ሆኖ እንዲቀር የተመከረበት መሰላቸው። የመምህራኑ አድማ በየካቲት 1966 ዓ.ም. ከታክሲ ነጂዎች አድማ ጋር ገጠመና መንግሥት ጥናቱን ለማቆየት ተገደደ። በዚያ ወር የተቀጣጠለው አብዮት ብዙ ምክንያቶች ነበሩት፤ ሕዝቡ የሁለተኛ ደረጃን በር እንደ መብቱ መቁጠሩ አንዱ ነው።

በአብዮቱ ሥልጣን የያዘው ደርግ በ1967 ዓ.ም. ባወጀው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ሲዘምቱ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ትምህርት ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ የተማሪው ቁጥር በፍጥነት አደገ፤ ሕንጻው አልበቃምና ፈረቃ መጣ። ጠዋት አንዱ፣ ከሰዓት ሌላው፣ ማታ ሠራተኛው በአንድ ክፍል ይማራሉ። የማታ ትምህርትና በግል ተመዝግቦ መፈተን የወደቁትን ደጋግሞ የመሞከር ዕድል ሰጣቸው፤ ብዙ ጸሐፊዎችና መምህራን በዚህ መንገድ ነው ማትሪክን ያለፉት።

ሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የደረጃዎቹን አከፋፈል ቀየረ። አንደኛ ደረጃ እስከ 8ኛ፣ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ 9ኛና 10ኛ፣ መሰናዶ 11ኛና 12ኛ ሆኑ። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ዋናው መለያ የ10ኛ ክፍል ፈተና ሆነ፤ ያለፈ ወደ መሰናዶ፣ የቀረው ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄድ ነበር። የ16 ዓመት ልጅ ዕጣው በዚያ ይወሰን ነበር። በ1995 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ተከተለ፤ በዩኒቨርሲቲ ይሰጥ የነበረው የፍሬሽማን ዓመትም ቀረ። ፖሊሲው ነጻ ትምህርትን እስከ 10ኛ ክፍል አድርጎ ከዚያ በላይ የወጪ መጋራትን መርሕ አስገባ። መምህር በማነሱ ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን በየክፍሉ ይተላለፍ ጀመር። ተማሪዎች «ፕላዝማ» ያሉት ይህ ዘዴ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀ ትምህርትን በፈጣን እንግሊዝኛ ያቀርብ ነበር፤ ያልገባው ልጅ እጁን ቢያወጣ የሚያየው አልነበረም፤ መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ ያልፈው ነበር። ገንዘቡ የተከፈለው ለድጋፍ ነበር፤ በጣም የተጎዳው ግን ድጋፍ የሚፈልገው ተማሪ ነው።

በዚህ መካከል የማጠናከሪያ ትምህርት ራሱን የቻለ ገበያ ሆነ። አቅም ያለው ቤተሰብ አስጠኚ ይቀጥራል፤ የቀድሞ ዓመታት ጥያቄዎችና የሞዴል ፈተና ጥራዞች በየመጻሕፍት መደብሩ ይሸጣሉ። ትምህርት ቤቶች ለሴቶችና ለደካማ ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰጡት ቱቶሪያል እንደየርእሰ መምህሩ ትጋት ይለያያል። የትግራይ ልማት ማኅበር በመቐለ ካላሚኖን፣ የኦሮሚያ ልማት ማኅበር በአዳማ አዳሪ ትምህርት ቤት ከፍተው የተመረጡ ጎበዝ ልጆችን መኝታና ምግብ እየሰጡ አስተማሩ፤ ውጤታቸውም ድጋፍ ምን ሊሠራ እንደሚችል በግልጽ አሳየ። ይህን ድጋፍ ባላገኘው በሌላው ተማሪ ዘንድ ግን ኩረጃ ተስፋፋ። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ወጣና ፈተናው በመላ ሀገሪቱ ተሰርዞ በሐምሌ ተሰጠ።

በ2012 ዓ.ም. የ10ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና ቀረ፤ ፍሬሽማንም ተመለሰ። ትልቁ ለውጥ የመጣው የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በ2015 መጀመሪያ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ ሲደረግና ማለፊያው ለሁሉም 50 በመቶ ሲሆን ነው። ፈተናውን ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች ያለፉት 29,909፣ ማለትም 3.3 በመቶ ነበሩ። ኩረጃው ሲቆም የቀረው ይህ ነበር፤ ቁጥሩ የልጆቹን ስንፍና ሳይሆን ያላገኙትን መምህር፣ መጽሐፍ፣ ቤተ ሙከራና ቋንቋ ነው የሚናገረው። ከገጠር የመጡ ብዙ ተፈታኞች መንግሥት ያበላቸውና ያስተኛቸው በእነዚያ የፈተና ቀናት ብቻ ነበር፤ ያው መኝታና ምግብ ከአራት ዓመት በፊት፣ 9ኛ ክፍል ሲገቡ ቢሰጣቸው ውጤቱ ሌላ ይሆን ነበር ማለት ይቻላል።

ካላለፉት መካከል የተሻለ ነጥብ ያላቸው ከ100,000 በላይ ተማሪዎች «ሪሚዲያል» በተባለው የአቅም ማሻሻያ መርሐ ግብር ዩኒቨርሲቲ ገብተው ለጥቂት ወራት ተማሩ፤ በመርሐ ግብሩ ማብቂያ ተፈትነው ያለፉት ፍሬሽማን ጀመሩ። ለሴቶች፣ ለዓይነ ስውራንና ከአርብቶ አደር አካባቢዎች ለመጡ ተማሪዎች የመቁረጫ ነጥቡ ዝቅ ተደርጎ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ፈተናው በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀመረ። በ2017 ዓ.ም. ከ585,882 ተፈታኞች 48,929፣ ወደ 8.4 በመቶ አለፉ። ሪሚዲያሉ ቢቀጥልም የሚደርሰው 12ኛ ክፍልን ለጨረሰ ተማሪ ነው፤ በወረዳ ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማረው የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪ ስንቁን አሁንም ከቤቱ ይዞ ይመጣል።