ስለ ዶርዜ ቤት፣ ስለ ሸማውና ስለ አረጋውያን ቃል

ኢዮቤልዩ የሚከበረው ያለፈውን ለማሰብ ነው። ነገር ግን ያልተጠየቀና ያልተጻፈ ነገር ከጥቂት ዘመን በኋላ የሚያስበው አይገኝም። ስለዚህ ስለ ዶርዜ አገር ትዝታ ጥቂት ቃል ማስቀመጥ ተገባ።

በጨንቻ ደጋ የሚሠራው የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ እንደ ትልቅ ቅርጫት ተጠላልፎ በእንሰት ቅጠል ይከደናል፤ ቁመቱና ደጃፉም ዝሆን ያስመስለዋል። ምስጥ እግሩን ሲበላው የተበላው ተቈርጦ ቤቱ ዝቅ ይላል፤ ሲያስፈልግም ብዙ ሰዎች ተሸክመው ወደ ሌላ ስፍራ ያዛውሩታል። እንዲህም ስለሆነ የቤቱን ዕድሜ ቁመቱ ይናገራል። ዛሬ ግን በብዙ ግቢ የቆርቆሮ ቤት ተተክቷል፤ ቆርቆሮ ቢጠቅምም እንዲህ ያለ ታሪክ አይናገርም።

የሸማውም ነገር እንዲሁ ነው። ሴቶች ይፈትላሉ፤ ወንዶች ይሸምናሉ። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ወዲህ ብዙ ሸማኔ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ በእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳ ተቀመጠ፤ ለመስቀል ግን ወደ አገሩ ይመለሳል። የሸመነው ነጠላ በየደብሩ ይለበሳል፤ የሸማኔው ስም ግን ከነጠላው ጋር አይሄድም።

አረጋውያንም፦ ነብር ክርስቲያን ነውና ረቡዕና ዓርብን ይጾማል ይላሉ። ይሁን እንጂ ባለከብቱ በእነዚህም ቀኖች ከብቱን ከመጠበቅ አይቦዝንም! ይህን ነገር ዳን ስፐርበር የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ጻፈው፣ በሩቅ አገር ያሉ ሊቃውንት ይመራመሩበታል። ብዙ ድምፅ ተባብሮ የሚያዜመውንም የዶርዜን ዘፈን በርናር ሎርታ ዣኮብ ቀርጾት በ1977 በሸክላ ታትሟል። እነዚህ ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል፤ ነገር ግን የሩቅ እንግዳ የጠየቀውን የቤት ልጅ ሳይጠይቅ ቢቀር ያሳፍራል።

እንግዲህ በዚህ በዓል ወጣቶች በአረጋውያን እግር ሥር ይቀመጡ። የሰሙትን በመጀመሪያ በዶርዜ ቋንቋ፣ ቀጥሎም በአማርኛ ይጻፉ፤ የተናጋሪውን ስምና መንደር ከፈቃዱ ጋር ይመዝግቡ። ልጆች የአያታቸውን ቤትና የሸማ ዕቃውን ሥለው የየክፍሉን ስም ከሸማኔው አፍ ይቀበሉ። የተቀረጸውም ድምፅ አንዱ ቅጂ በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት፣ ሌላው በትምህርት ቤት ይቀመጥ።

የተቈረጠ ቀርከሃ ዳግመኛ ይበቅላል፤ ሳይጠየቅ ያለፈ አባት ቃል ግን አይበቅልም።